ዝንብ ወደሌለበት መንደር

«ለዝንብ ብለሽ ጎንደር ድረስ?» ያላለኝ የለም። ጎረቤቶቼ አሉኝ፣ ፎቶ ቤቴ ጉርድ ፎቶ ሊነሡ የመጡ ደንበኞች አሉኝ፤ እናቴማ «አዳማ ዝንብ ጠፍቶ ነው? ሥጋ ቤት በር ላይ ቆመሽ አታነሺም ነበር?» እያለች ስትስቅብኝ ከረመች። እንግዲህ ለሁላችሁም አንዴ ልናገርና ይውጣልኝ። ደባርቅንና ዳባትን የማየት ዕድሉ የማይገጥማችሁም እግረ መንገዳችሁን ታያላችሁ፤ ብርዱ ግን ለኔ ይበቃኛል።

መጀመሪያ ስለ ባለቤቴ። ተክሉ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የነፍሳት ተመራማሪ ነው። ገና ስንተጫጭ እናቴን «ነፍሳት ያጠናል» ስላት የንስሐ አባት ነገር መስሏት ደስ ብሏት ነበር፤ ጉንዳንና ዝንብ መሆኑን ስትሰማ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። ይኸው ሰውዬ ልቡን የጣለባት አንዲት ዝንብ አለች። ከስንዴ ፍሬ ታንሳለች፤ ክንፏ በቡኒ መስመር የተዥጎረጎረ፣ ዓይኗ አረንጓዴ ነው። ሥጋ አትወድም፣ ቆሻሻ አትወድም፤ የምትወለደውም የምትሞተውም እሾህ ላይ ነው። በዓለም ላይ የምትታወቀው ድሮ ከዳባት አካባቢ ተይዛ፣ ባሕር ማዶ ሙዚየም ውስጥ በመርፌ ተወግታ በተቀመጠች አንዲት ደረቅ ሴቴ ብቻ ነው። ወንዱን ያየ የለም።

ተክሉ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሷል። አንዴ አበባው ከረገፈ በኋላ ደረሰ፤ አንዴ ደግሞ መንገዱ ተዘግቶ ከጎንደር ሳያልፍ ቀረ። ዘንድሮ ወርኃ ጽጌ ሲገባ፣ «አሁንም ካጣኋት ጠፍታለች ብዬ እጽፋለሁ» አለኝ። ይህን ሲል ፊቱን ብታዩት! መርዶ ሊያረዳ የሚሄድ ሰው ነበር የሚመስለው። «ብቻህን አትሄድም» አልኩና ሱቄን ዘግቼ፣ ጥቃቅን ነገር የማነሣበትን ሌንሴን ይዤ ተከተልኩት።

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ ከአዳማ ተነሣን። አዳማ ውስጥ ኮት የሚባል ነገር የሚለበሰው ለጉርድ ፎቶ ነው፤ ስለዚህ ለብርዱ ያመጣሁት ፎቶ ቤቴ ውስጥ ለደንበኛ የማውሰውን ጥቁር ኮት ነበር። ከቦሌ በአውሮፕላን ጎንደር፣ ከጎንደር በሚኒባስ ወደ ደባርቅ። መንገዱ ሰላም ነው የተባለበት ሳምንት ስለነበር መኪናው ጢም ብሎ ሞልቷል።

ተክሉ ረጅም እጀታ ያለውን ነጭ የዝንብ መረቡን እንደ ጥላ ይዞ ገባ። ረዳቱ አየት አደረገውና፣ «ጋሼ፣ ጣናን እኮ ወደ ኋላ ትታችሁት መጣችሁ! ዓሣው በዚያ ነው» ብሎ ጠቆመው። መኪናው በሳቅ ፈረሰ። ተክሉ ዝም ብሎ ቢያልፈው ምን ነበር? «ለዓሣ አይደለም፤ ለዝንብ ነው» አላቸው። ሳቁ ቀጥ አለ። ከፊታችን የተቀመጡ ጥምጣም የጠመጠሙ ቄስ ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ «ሺ ዝንብ ቢሰበሰብ መግላሊት አይከፍትም ይባላል፤ እናንተ ለአንዷ ነው ይህን ሁሉ አገር ያቋረጣችሁ?» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«እንግዲያስ እግዜር ይቅናችሁ» አሉና ከከረጢታቸው የገብስ ቆሎ ዘግነው በሁለቱም እጄ ሞሉልኝ። እስከ ደባርቅ ድረስ ባለቀ ቁጥር ይጨምሩልን ነበር።

ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ያለውን ሜዳ ምን ብዬ ልንገራችሁ! ገብሱ ወርቅ መስሎ፣ ባቄላው ገና አረንጓዴ፣ በየድንበሩ ቢጫ አበባ። ገደብዬ ላይ መኪናው ሲቆም ሴቶች እሸት ባቄላ በእቅፍ በእቅፍ አድርገው በመስኮት ያስገባሉ። እኛ አገር ባቄላ ማለት ፉል ሆኖ ዳቦ ተይዞለት የሚመጣው ነው፤ ጥሬውን ከነቅርፊቱ ልነክሰው ስል ቄሱ፣ «ፈልቅቀሽ ነው እንጂ ልጄ!» ብለው በጥፍራቸው እየፈለቀቁ ያሳዩኝ ጀመር። ጣፋጭ ነው! አፌ አረንጓዴ እስኪሆን በላሁ።

ደባርቅ ስንወርድ ትንፋሼ ነጭ ሆኖ ሲወጣ አየሁት። አዳማ ላይ ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ እዚህ ምላጭ ይዞ ነው የሚመጣው። የሆቴሉ ባለቤት ሴትዮ የኮቴን ስስነት በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና፣ «ከቆላ ነው የመጣችሁ? ይብላኝላችሁ!» ብለው ሦስተኛ ብርድ ልብስ አመጡልን። ጠዋት እንደሰማሁት ከራሳቸው አልጋ ያነሡት ነው።

ረቡዕ

በማለዳ ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ሳንቃ በር ወጣን። አብረውን የሄዱት ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ፣ አያ ደሴ የሚባሉ፣ ጠመንጃቸውን አንግተው ከእኔ ሁለት እጥፍ የሚፈጥኑ ሰው ናቸው። እኔ ዳገቱ ላይ ልቤ በአፌ ሊወጣ ደርሷል፤ እሳቸው ወሬ ያወራሉ። ገደሉን ያየሁት ለአንድ አፍታ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከገደሉ ይልቅ ትዝ የሚለኝ የተክሉ ሁኔታ ነው፤ ያ ሁሉ ዓለም የሚያደንቀው አገር ከፊቱ ተዘርግቶ እሱ በሆዱ ተኝቶ አንድ እሾህ ያያል።

እሾሁ ኮሸሽላ ነው። እንደ ኳስ ድቡልቡል የሆነ ራስ አለው፤ ቅጠሉም ግንዱም ራሱም መርፌ ነው። ተክሉ ዝንቧ ልትኖርበት የምትችለው ተክል ይህ ነው ብሎ ይገምታል። አያ ደሴ ጠመንጃቸውን ተደግፈው ብዙ ካዩት በኋላ፣ «የዝንብ ጠንጋራ ያውቃል ሲባል እሰማ ነበር፤ ባለቤቱን ዛሬ በዓይኔ አየሁት» አሉኝ። እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ኋላዬ ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩት ኮሸሽላ ላይ ነው።

ኧረ በስማም! ጩኸቴ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። አያ ደሴ ከአንገታቸው ማተብ ላይ ወረንጧቸውን ፈትተው ለተክሉ ሰጡትና፣ ጀርባቸውን አዙረው ገደሉን መጠበቅ ጀመሩ። ገደሉ የትም እንደማይሄድ እያወቁ! ተክሉ እሾሁን አንድ በአንድ እየነቀለልኝ፣ «አበባው ገና ነው፤ እዚህ ብርዱ ስለሚከብድ አልፈነዳም» ይለኛል። እኔ የምሞትበት ቦታ እንኳ አበባ ነው የሚያየው!

አያ ደሴ ያን ሲሰሙ፣ «ታች ከዳባት ወዲህ ፈንድቷል እኮ» አሉ። «እህቴ ያልጋነሽ እዚያ ናት፤ መንደሩ በኮሸሽላ የታጠረ ነው። ነገ እሷ ዘንድ ሂዱ፣ እኔ እነግራታለሁ።» ተክሉ ከተኛበት ብድግ አለ። አያ ደሴ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥተው ሲደውሉ ድምፃቸው እታች ድረስ ይሰማል፦ «የዝንብ ሰዎች ነገ ይመጣሉ! ዶክተር ነው! አዎ፣ ከላይ ነው የመጣው! ዝንብ ነው የሚያየው፣ ዝንብ!» ያኔ ነበር ጆሮዬ መቆም የነበረበት። እኔ ግን የማስበው ነገ የት እንደምቀመጥ ነበር።

ሐሙስ

በባጃጅ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በእግር። እኔም ተክሉም እየተሳሳቅን፣ ዛሬስ ዛሬ ናት እያልን። መንደሩ ስንደርስ ግን በየት በኩል አድርጌ እንደምነግራችሁ አላውቅም፣ እንዲህ የጸዳ መንደር አይቼ አላውቅም! ደጁ ተጠርጓል። በየሽንት ቤቱ በር ላይ ጀሪካን ተንጠልጥሏል፣ ሳሙናው በክር ታስሯል። ሕፃናቱ ፊታቸው ታጥቦ ታጥቦ ያበራል፤ ተሰልፈው ቆመዋል። መሐል ላይ አዲስ ነጠላ ያጣፉ፣ ቁመታቸው የሚያምር እትዬ ያልጋነሽ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቁናል።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ፣ ዶክተር! ግቡ፣ እዩ፣ መርምሩ። ዝንብ የለንም!»

ተክሉ ቆመ። «ምንም?»

«አንድ እንኳ!» አሉ በኩራት።

«እርግጠኛ ነዎት? ትንሽ፣ ክንፏ የተዥጎረጎረ…»

«ትንሽም ትልቅም የለም! ቤት ለቤት ይግቡና ይዩ።» ጎረቤቶቹ ሁሉ በአንድ አፍ፣ «የለም! የለም!» አሉ።

እኔ ነገሩ እየገባኝ መጣ፤ ተክሉ ግን ደም ከፊቱ ጠፍቶ፣ «ኮሸሽላውስ?» አለ።

«እሱንማ ነቅለን ጨረስነው!» አሉ እትዬ ያልጋነሽ። «ደሴ እንደደወለ መንደሩን አስወጣሁ። ማጭድ ያለው በማጭድ፣ መጥረቢያ ያለው በመጥረቢያ። ዝንብ እንዳይጠለልበት ብለን ከየአጥሩ ሥር መነጠርነው። ዛሬ ማለዳ አቃጥሉት ብያለሁ፤ ይኸኔ አመድ ሆኗል።»

ተክሉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እሳቸው ከጤና የመጣን ተቆጣጣሪዎች መስለናቸው፣ ውጤት ያነሰባቸው መስሏቸው ፊታቸው ተለወጠ። ቤታቸው ሞዴል ቤተሰብ ነው፤ የመንደሩን ሴቶች ፊት ማስታጠብና ሽንት ቤት ማስቆፈር የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። እኔ መቻል አቅቶኝ፣ «እትዬ፣ እኛ እኮ ዝንቡን ልንፈልገው ነው የመጣነው! እንዲኖር ነው የምንፈልገው!» ብዬ ጮኽኩ። ከቤት ውስጥ የአሮጊት ሳቅ ተሰማ።

የሳቁት እናታቸው እማማ ስንዱ ናቸው፤ መደብ ላይ ተቀምጠው ሁሉን ሲሰሙ ቆይተዋል። ዓይናቸው አያይም። በልጅነታቸው ዝንብ ዓይናቸው ላይ ሲያርፍ ኖሮ የዓይን በሽታ ያዛቸው፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ሲወጋቸው ቆይቶ ብርሃናቸውን ወሰደው። እትዬ ያልጋነሽ ይህን የነገሩኝ ወጥ እያወጡ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነው። «እኔ ዝንብ ስል ሌላ ነገር አይታየኝም» አሉኝ። ከሳቸው ጋር አልተጣላሁም፤ እኔም ብሆን መጥረቢያ አነሣ ነበር።

ተክሉ ተረጋግቶ ዝንቧ ዓይን ላይ እንደማታርፍ፣ ምግብ እንደማትነካ፣ ከኮሸሽላ ራስ ውስጥ እንደምትወለድ ሲያስረዳቸው፣ እትዬ ያልጋነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ውይ በሞትኩት! እንግዳዬን በእጄ ገደልኩት!» ከዚያ በኋላ ማእዱን ብታዩ! ስልጆ፣ ድፍን ምስር፣ የተቀቀለ እሸት፣ ጠላ፤ «አፈር ስሆን ብሉ» እያሉ፣ በእያንዳንዱ ጉርሻ ይቅርታ የሚጠይቁ እስኪመስል ድረስ። ተክሉ እየበላ አልነበረም፤ ጉርሻው አፉ ውስጥ ይዞራል። «ጠፍታለች» የሚለውን ቃል በልቡ መጻፍ መጀመሩን አውቄዋለሁ። ያደርንበት የእትዬ ያልጋነሽ ቤት አንዲት ቁንጫ እንኳ የሌለበት ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ እሱ እንቅልፍ አልወሰደውም።

ዓርብ

ፀሐይ ሳትወጣ ሻንጣችንን አዘጋጅተን ወጣን። ተክሉ መረቡን አጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ ከቶታል። እትዬ ያልጋነሽ ሊሸኙን የአጥሩን በር ከፈቱ፣ ከዚያ ቀጥ አሉ። ከአውድማው በታች፣ ከገደሉ ዳር፣ ቀጭን ጭስ ይወጣል።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ኮሸሽላው!» አሉ። «እነዚህ ሰነፎች! ትናንት አቃጥሉት ያልኩትን ዛሬ ነው የለኮሱት!»

ይህን ብለው አልጨረሱም፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቁልቁል ሮጡ። «አጥፉት! አጥፉት! እናንተ ሰዎች፣ አጥፉት!» ከኋላቸው ተክሉ፣ ከተክሉ ኋላ እኔ፤ ከሽንት ቤቱ በር የእጅ መታጠቢያውን ጀሪካን ነጥቄ። ከታች ያሉት ሁለት ጎረምሶች ግራ ገብቷቸው፣ ትናንት አቃጥሉ፣ ዛሬ አጥፉ እየተባሉ፣ እሳቱን ይብስ ያራግቡታል። ለካ ትናንት ለመለኮስ ሞክረው እርጥብ ሆኖባቸው፣ ጠዋት ከሥሩ ጭድ ጎዝጉዘውለት ነው። እትዬ ያልጋነሽ ደርሰው ነጠላቸውን ፈትተው እሳቱን ይመቱ ጀመር፣ ያንን አዲሱን ነጠላ! እኔ ጀሪካኑን ደፋሁት፤ ግማሹ እሳቱ ላይ፣ ግማሹ ኮቴ ላይ። ተክሉ በባዶ እጁ እሾሁን እየጎተተ ያልተነካውን ወደ ጎን ያወጣል። እሳቱ ሲጠፋ የክምሩ ሲሶ ከስሏል። ሁላችንም ፊታችን ጥቁር ሆኖ ቆመን ተያየን።

«ቢተርፍም ባዶ ሊሆን ይችላል» አለ ተክሉ ቀስ ብሎ። እጁ ይደማል። «ዝም ብለን ፀሐይዋን እንጠብቃት፤ ካሉ የሚወጡት ሲሞቃቸው ነው።»

ፀሐይዋ ከማዶው ተራራ ወጣች። ክምሩን ነካችው። እኔ ሌንሴን ገጥሜ ራሶቹን አንድ በአንድ አያለሁ፦ እሾህ፣ እሾህ፣ ደረቅ አበባ፣ ጉንዳን፣ እሾህ። ከዚያ አንዱ እሾህ ተንቀሳቀሰ።

እሾህ አይደለም። ከአበባው መሐል ተንፈራግጣ የወጣች፣ ክንፏ ገና ያልተዘረጋ፣ እርጥብ፣ አመድማ ነገር ናት። ክንፏ ቀስ እያለ ተዘረጋ፣ ደረቀ፣ ቡኒ መስመሩ ወጣ።

«ተክሉ! ና! ና! ና!»

ወዲያው ሌላ ወጣ፣ ከወዲያ ሌላ። ያ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ የመነጠረው ኮሸሽላ፣ አንድ ቦታ ተከምሮ፣ ሆዱ ሙሉ ዝንብ ነው! እኔ እንደ ሕፃን እዘላለሁ፤ ጎረምሶቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውኝ ይዘላሉ። ተክሉ ብቻ ተንበርክኮ አይንቀሳቀስም። «ወንዱ» አለ። «ይህ ወንዱ ነው። ማንም አይቶት የማያውቀው ወንዱ።» ከዚያ ብድግ ብሎ የእትዬ ያልጋነሽን ጥላሸት የለበሰ ትከሻ ሳመ፣ ደግሞ ሳመ። እሳቸው፣ «ከኔ ክምር? ዝንብ ከኔ ክምር?» ይላሉ፤ ይፈሩ ይደሰቱ አላወቁም።

ጩኸቱን ሰምተው እማማ ስንዱ በጎረቤት እጅ ተይዘው መጡ። «ማን ተቃጠለ?» አሉ።

«ማንም አልተቃጠለም፣ እማዬ። ዝንቡ ተገኘ።»

«የሰውዬው?»

«የሰውዬው።»

«እስቲ ንገሪኝ፤ ምን ይመስላል?»

እትዬ ያልጋነሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእናታቸው ፊት ዝንብ ሲያባርሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ዝንብን አባረው እንጂ አይተው አያውቁም። ተንበረከኩና ፊታቸውን ወደ እሾሁ አስጠጉ።

«ትንሽ ነው፣ እማዬ። ክንፉ እንደ ቀሚስ ጥለት አለው። ዓይኑ… ዓይኑ አረንጓዴ ነው። ያምራል። እውነቴን ነው፣ ያምራል!»

«ምን ይሠራል?»

«አበባው አናት ላይ ወጥቷል። አንዱን ክንፉን ያነሣል፣ ይመልሳል፤ ሌላውን ያነሣል፣ ይመልሳል።»

«እስክስታ ነዋ! ለማን ነው?»

ተክሉ በጣቱ አሳያቸው። «ሴቲቱ እታች አለች» አሉ እትዬ ያልጋነሽ። «ጀርባዋን ሰጥታዋለች።»

«ኩራት ነው። እንዳትነኳት» አሉ እማማ ስንዱ። ሁሉም ሰው ወደ ክምሩ አንገቱን አሰገገ። ጎረምሶቹም፣ እኔም፤ ካሜራዬን ዓይኔ ላይ ይዤ መጫኑን ረስቼዋለሁ። «አሁንስ?»

«ዞረች።»

«እሱስ?»

«አላቆመም። ኧረ መጣች… ቆመች። እማዬ፣ ደግሞ መጣች! ወጣች፣ አጠገቡ ደረሰች!»

«እሺ አለችው?»

እትዬ ያልጋነሽ ቀና ብለው ተክሉን አዩት። የተክሉ እንባ ጥላሸቱን እያጠበ ወደ አገጩ ይወርዳል። ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

«እሺ አለችው፣ እማዬ።»

እማማ ስንዱ ዘንጋቸውን ለጎረቤት አቀበሉና እልልታውን አቀለጡት።